የውሃ ቢል ሲከብድ ምን ይደረጋል?

ቢሉ ድንገት ሲያሻቅብ ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለስልጣን ቅርንጫፍ ሄዶ "በዛብኝ" ይላል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ "ቆጣሪው የቆጠረው ነው" ይሆናል። ቁጥር ይዞ የሄደ ሰው ግን በቀላሉ አይመለስም።

1. ቆጣሪውን ከቢሉ ጋር ያመሳክሩ። በአብዛኛው ቆጣሪ ላይ ጥቁሮቹ አሃዞች ሜትር ኩብ፣ ቀዮቹ ሊትር ናቸው። አንድ ሜትር ኩብ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ቢሉ ላይ ያለው የአሁን ንባብ ቆጣሪው ዛሬ ከሚያሳየው ጥቁር ቁጥር ከበለጠ ንባቡ የተገመተ ወይም የተሳሳተ ነው። ቆጣሪ አንባቢ በመጣ ቁጥር በሩ ተዘግቶ ከነበረም የብዙ ወር ፍጆታ በአንድ ቢል ተጠራቅሞ ሊመጣ ይችላል። ታሪፉ በእርከን ስለሚጨምር፣ ማለትም ፍጆታው በበዛ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋ ስለሚወደድ፣ ይህ በቀጥታ ኪስ ይነካል፤ ፍጆታው በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲሰላልዎ ይጠይቁ።

2. ፍሳሽ ካለ ይፈትሹ። ማታ 4 ሰዓት ቧንቧውን ሁሉ ዘግተው፣ ሮቶው ሞልቶ ሳለ፣ ቀይ አሃዞቹን በስልክ ፎቶ ያንሱ። ጠዋት 12 ሰዓት ማንም ውሃ ሳይከፍት ደግመው ያንሱ። በ8 ሰዓት ውስጥ 40 ሊትር ከሄደ በወር 3.6 ሜትር ኩብ ያለ ጥቅም እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ሙከራው የሚሠራው ሰፈሩ የፈረቃ ውሃ በሚያገኝበት ሌሊት ብቻ ነው፤ መስመሩ ደርቆ ካደረ ቆጣሪው ቢቆምም ምንም አያረጋግጥም።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሽንት ቤት ነው። ማጠራቀሚያው ውስጥ ትንሽ የቀይ ስር ጭማቂ ጨምረው ግማሽ ሰዓት ሳያፈሱ ይጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ የታችኛው ጎማ አልቋል። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧም በቀን አንድ ጀሪካን ገደማ ያባክናል። ጎማ መቀየር ከአንድ ወር ትርፍ ቢል ይረክሳል።

3. የጋራ ቆጣሪ ከሆነ አከፋፈሉን ያስተካክሉ። በአራዳ፣ በልደታና በቂርቆስ የቆዩ ግቢዎች ድሃው ከሀብታሙ ይልቅ ውድ ውሃ የሚጠጣው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዳቸው 4 ሜትር ኩብ የሚጠቀሙ አምስት አባወራዎች ለየብቻ ቢቆጠርላቸው ዝቅተኛው እርከን አካባቢ በቀሩ ነበር፤ በአንድ ቆጣሪ ግን 20 ሜትር ኩብ ሆነው ወደ ላይኛው ዋጋ ይወጣሉ። በበር መካፈሉ ደግሞ ሌላ በደል ነው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት እንጀራ ጋግራ ከምትሸጠው ጎረቤት እኩል ይከፍላሉ። በሰው ቁጥር ወይም በጀሪካን መካፈል ይሻላል። ከዋናው ቆጣሪ በኋላ ለየቤቱ ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት የግቢውን ጭቅጭቅ ይፈታል፤ እርከኑን ግን አያወርድም። እርከኑን የሚያወርደው በባለስልጣኑ የተመዘገበ የራስ ቆጣሪ ብቻ ስለሆነ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ ምን ማስረጃ ማቅረብ እንዳለበት ቅርንጫፉን አስቀድመው ይጠይቁ።

4. ማመልከቻ ያስገቡ። መታወቂያ፣ ያለፉት ወራት ቢሎችና የቆጣሪውን ፎቶ ይዘው የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለስልጣን ቅርንጫፍ ይሂዱ። ለጥቆማ 906 መደወል ይቻላል፤ የሂሳብ ቅሬታ ግን በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል። ሦስት ነገር ለይተው ይጠይቁ፦ ንባቡ እንዲታረም፣ ቆጣሪው እንዲመረመር፣ ውዝፉ ተከፋፍሎ እንዲከፈል። በወር ስንት ብር እንደሚችሉ ራስዎ ጽፈው ያቅርቡ። ቅጂው ላይ ቀንና ማህተም ያስደርጉ። መልስ እስኪመጣ የማይከራከሩበትን ያህል መክፈልዎን አያቁሙ፤ ውዝፍ ሲከማች ውሃው ሊቋረጥ ይችላል።

5. ገቢ ከሌለ ወረዳ ይሂዱ። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ የሚባል የገንዘብ እርዳታ አለው። ለውሃ ተብሎ ባይሰጥም ለቢሉ ይውላል። ምልመላው ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ መቼ እንደሚጀመር ጠይቀው ስምዎን ያስመዝግቡ። ለአንድ ጊዜ ውዝፍ ግን ዕድሩ ይፈጥናል፤ ዳኛውን ቀድሞ ማነጋገር ነው።