ጥንታዊ የሳር ክዳን ቤት እንዴት ይታደሳል?

በእንግሊዝ ገጠር በእንጨት አጽም የቆሙ፣ ሳር የለበሱ ቤቶች አሉ። አንዳንዶቹ ከ500 ዓመት በላይ ቢሆናቸውም ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። እንዲህ ያለ ቤት እጅዎ ከገባ ጠላትዎ እርጅናው አይደለም። ባለፉት 100 ዓመታት በሲሚንቶ የተደረገለት "ጥገና" ነው።

መጀመሪያ ፈቃድ። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ፣ መልኩን የሚለውጥ ሥራ ያለ አካባቢው አስተዳደር ፈቃድ መጀመር በ1990 በወጣው ሕግ መሠረት ወንጀል ነው። ስለዚህ መዶሻው ይቆይ።

ቀጥሎ ዝናብ ሲዘንብ ውጭ ቆመው ውሃው የት እንደሚሄድ ይዩ። እነዚህ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ አሸንዳ የላቸውም። ውሃውን ከግድግዳ የሚያርቀው ወጣ ያለው የክዳኑ ጠርዝ ነው። ግድግዳው ሥር አፈር ተቆልሎ ከሆነ ዝቅ ያድርጉት። ቋሚዎቹን የተሸከመው የታችኛው አግዳሚ ግንድ ቀድሞ የሚበሰብሰው በዚሁ ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ። ብዙውን ጊዜ የኦክ ዛፍ ነው፤ የተጠረበውም እርጥብ እያለ ነው። ሲደርቅ ስለተጣመመ ወለሉ ቢያዘነብል አይደንግጡ፣ ለማቃናትም አይታገሉ። ጠፍጣፋ መፍቻ ይዘው ወጋ ወጋ ያድርጉት። ላዩ ብቻ ከላላ ይተዉት፤ ውስጡ ጠንካራ ሊሆን ይችላል። መፍቻው ዘልቆ ከገባ የበሰበሰው ብቻ ተቆርጦ አዲስ ኦክ ይቀጠልበት። መጋጠሚያዎቹ ላይ የተጫሩ የሮማ ቁጥር የሚመስሉ መስመሮች ያገኙ ይሆናል። አናጺዎቹ አጽሙን መሬት ላይ ገጣጥመው ሲያበቁ፣ የቱ ከየቱ እንደሚገባ እንዳይጠፋቸው ያኖሩት ምልክት ነው። እንጨቱን በማሽን የሚፍቅ ሰው ይህን ሁሉ ድራሹን ያጠፋዋል።

በቋሚዎቹ መሃል ያለው ግድግዳ የተጠላለፈ ጭራሮ ላይ የተመረገ ጭቃ ነው። ሲሚንቶ ከተለሰነበት ጣጣው ብዙ ነው። ሲሚንቶው ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ውሃ ያስገባል፣ መውጫ ግን አይሰጠውም፤ እንጨቱም ከኋላው ሳይታይ ይበሰብሳል። ቀስ አድርገው ያንሱት። አብሮ የረገፈውን የድሮ ጭቃ እንዳይጥሉት። ውሃ አርከፍክፈው፣ ትንሽ ጭድ ጨምረው ያቡኩትና እዚያው መልሰው ይምረጉት። ልስኑ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ይሁን። ሳሳ እያደረጉ ይደራርቡ፣ ቶሎ እንዳይደርቅም ውሃ ይርጩበት። ውርጭ ባለበት ወቅት ግን አይሞክሩት።

ክዳኑን ለባለሙያ ይተዉ፤ በዩቲዩብ የሚለመድ ነገር አይደለም። ጣሪያው 45 ዲግሪና ከዚያ በላይ ቁልቁል መሆን አለበት፤ ካልሆነ ውሃው ሳይወርድ ሳሩ ውስጥ ይሰርጋል። የአናቱ ክዳን በየ10 እና 15 ዓመቱ ይታደሳል። የቀረው ከዚያ በላይ ይቆያል። ብዙ ጊዜ ያረጀው የላዩ ብቻ ተነስቶ አዲሱ ከሥሩ ባለው ላይ ይደረባል። ሥር ያለው ሳር ጥላሸት የጠጣ ከሆነ ሥራው ይቁምና የቅርስ ባለሙያ ይጠራ። ጭስ ማውጫ ሳይሠራለት፣ እሳት ቤቱ መሃል ይነድ ከነበረበት ከመካከለኛው ዘመን የተረፈ ሊሆን ይችላል።

የማገዶ ምድጃ ለማስገባት ካሰቡ መጀመሪያ የጭስ ማውጫውን ውስጥ ያስመርምሩ። ሳር ውስጥ በተቀበረው ክፍል ላይ የተሸረፈ ጡብ ካለ ሳይጠገን እሳት እንዳይለኮስ።