ነፍሳት ራሳቸውን በኬሚካል ሲከላከሉ በአንድ የሎሚ ዛፍ ላይ እንዴት መመልከት ይቻላል

ነፍሳት ጠላቶቻቸውን በጠረንና በመርዝ እንዴት እንደሚያርቁ ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ፀረ ተባይ ያልተረጨበት አንድ የሎሚ ወይም የብርቱካን ዛፍ ይበቃል፤ በእንዲህ ያለ ዛፍ ላይ የተለያየ የመከላከያ ዘዴ ያላቸው ነፍሳት ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ይኖራሉና። ከሁሉም ይልቅ ትዕግሥትን የሚክሰው የቢራቢሮው አባጨጓሬ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜዎን ለእርሱ ይስጡ።

በመጀመሪያ አጉሊ መነጽር፣ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ፣ ነጭ ወረቀትና ጥቂት ቀይ ጥቅል ጎመን ያዘጋጁ። ጎመኑን ከትፈው በትንሽ ውኃ ካፈሉ በኋላ ሐምራዊውን ውኃ ያጥልሉ፤ የሶፍት ቁራጮችን ነክረው በጥላ ያድርቁ። እንዲህ የተዘጋጀ ወረቀት አሲድ ሲነካው ወደ ሮዝ ቀለም ይለወጣል። በትክክል መሥራቱን በአንድ ጠብታ የሎሚ ጭማቂ አስቀድሞ መፈተን ይቻላል።

ማንኛውንም ነፍሳ በቆዳዎ ላይ አይጨፍልቁ። በምሥራቅ አፍሪካ የሚገኙት ብርቱካንማና ጥቁር ቀለም ያላቸው፣ ቀጭንና ትንንሽ የፔዴረስ ጢንዚዛዎች አይነክሱም፣ አይናደፉምም፤ ሲጨፈለቁ ግን በደማቸው ውስጥ ያለው ፔዴሪን የተባለ መርዝ ቆዳን ያቆስላል። እንዲህ ያለው ጢንዚዛ ካረፈብዎት እፍ ብለው ያባርሩትና ቦታውን በሳሙና ይታጠቡ። ምልከታው እስኪያልቅ ድረስም ዓይንዎን በእጅዎ አይሹ።

ቀጥሎ በለጋ ቅጠሎች ላይ አባጨጓሬውን ይፈልጉ። ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች በስፋት የሚገኘው፣ ጥቁር ክንፉ ላይ ቢጫ ምልክቶች ያሉበት ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ የተባለ ቢራቢሮ ፈዛዛ ቢጫ እንቁላሎቹን በሎሚና በዘመዶቹ ቅጠሎች ላይ ነጠላ ነጠላ አድርጎ ይጥላል። ከእንቁላሉ የሚወጣው አባጨጓሬ በለጋ ዕድሜው ጥቁር ቡናማና ነጭ የተቀላቀለበት በመሆኑ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ብዙ ሰው አይቶ የሚያልፈውም ለዚህ ነው። በመጨረሻው የዕድገት ደረጃው ግን አረንጓዴ ይሆናል። የሚቻል ከሆነ ከሁለቱም ዓይነት አንድ አንድ ይፈልጉ፤ የምልከታው ዋና ቁም ነገር ሁለቱን በማነጻጸር ላይ ነው።

ካገኙ በኋላ ቅጠሉን ሳይቆርጡ የአባጨጓሬውን ጀርባ ከጭንቅላቱ ትንሽ ወደ ኋላ በብሩሹ በቀስታ ይንኩ። ከጭንቅላቱ በስተኋላ ካለው ስንጥቅ ውስጥ እንደ ባላ የተከፈለ ለስላሳ የሥጋ ቀንድ ብቅ ይላል። ኦስሜቴሪየም የሚባለው ይህ አካል በሰላሙ ጊዜ ወደ ውስጥ ተገልብጦ ተደብቆ የሚኖር ሲሆን፣ የሚወጣው በሰውነቱ ፈሳሽ ግፊት ነው፤ ጥቂት ቆይቶም ተመልሶ ይገባል። አካሉ እንደወጣ የጎመኑን ወረቀት ጫፍ ወደ እርጥብ ገጹ አስጠግተው ያስነኩና አየሩን ያሽትቱ። አንድን አባጨጓሬ ከሁለት ጊዜ በላይ አያስቸግሩ፤ ደጋግሞ ከተነካ ፈሳሹን ይጨርሳልና።

ከአረንጓዴው አባጨጓሬ የሚመጣው ጠረን የከረመ ቅቤን ያስታውሳል፤ ወረቀቱም ወደ ሮዝ ሊለወጥ ይችላል። ቶማስ አይስነርና ኢቮን ሜይንዋልድ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት ከዚሁ ወገን ከሆነ አባጨጓሬ ፈሳሽ ውስጥ አይሶቡቲሪክ አሲድና 2-ሜቲልቡቲሪክ አሲድ አግኝተዋል። በዚህ ወገን ለጋ አባጨጓሬዎች ፈሳሽ ውስጥ የሚበዙት ግን ተርፒን የተባሉ፣ የዕፅዋት ሽቶ የሚመስል ጠረን ያላቸው ውህዶች ስለሆኑ፣ ከትንሹ አባጨጓሬ የቀለም ለውጥ ባያገኙ አይደነቁ። አንድ ነፍሳ ከመልኩ ጋር መከላከያውንም በዕድሜው መለወጡ፣ በእኔ ግምት፣ ከዛፉ ላይ ከሚታየው ሁሉ የላቀ ነው።

ጉንዳን በቅርንጫፉ ላይ ካለ ወደ አባጨጓሬው ሲጠጋ የሚሆነውን ከርቀት ይከታተሉ፤ መከላከያው ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራው በእንደነዚህ ያሉ ትንንሽ አጥቂዎች ላይ ነው። ብዙ ወፎችን ግን አይመልስም፤ በአባጨጓሬው ሰውነት ውስጥ እንቁላላቸውን የሚጥሉ ጥገኛ ተርቦችም አሉ።

በዚያው ዛፍ ቀንበጥ ላይ ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳ) ተሰብስቦ ከሆነ ቀጣዩ ሥራ ቀላል ነው። አንዱን ክሽክሽ በስቴኪኒ ጫፍ ጫን ቢሉት፣ ከኋላው ካሉት ሁለት ቱቦዎች ጠብታ ያወጣል። በብዙ የክሽክሽ ዝርያዎች ጠብታው ቤታ-ፋርኔሲን የተባለ የማስጠንቀቂያ ኬሚካል ይይዛል፤ ይህም አጥቂውን ለመመረዝ ሳይሆን ጎረቤቶቹን ለማሸሽ የሚያገለግል በመሆኑ፣ ሌሎቹ አፋቸውን ከቀንበጡ ነቅለው ሲርቁ ወይም ሲወድቁ ማየት ይቻላል። ጉንዳን በሚጠብቀው መንጋ ላይ ምላሹ ደካማ ሊሆን ስለሚችል ሙከራውን ጉንዳን በሌለበት ቀንበጥ ላይ ያድርጉ።

በመጨረሻም ክሽክሹን የምትበላውን፣ ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ክብ ጢንዚዛ በነጭ ወረቀት ላይ አድርገው በብሩሹ በቀስታ ይጫኗት። ከእግሮቿ መገጣጠሚያ የሚወጣው ቢጫ ጠብታ ደሟ ነው፤ በውስጡ ያሉት አልካሎይድ የተባሉ መራራ ኬሚካሎች የቀመሳትን ወፍ ወይም ጉንዳን እንዲተዋት የሚያደርጉ ሲሆን፣ ደማቅ ቀይ ቀለሟም አንድ ጊዜ የቀመሰ እንዳይደግም ያስታውሰዋል። ጠብታው ልብስ ስለሚያቆሽሽ ከወረቀቱ አያውጡት፤ ጢንዚዛዋን ግን ክሽክሽ ወዳለበት ቀንበጥ ይመልሷት።