ቀርከሃው ለምን ተሰነጠቀ? ለምን ነቀዘ? መጀመሪያ ዕድሜውንና የግንዱን ክፍል እዩ

ድሬዳዋ ላይ የቀርከሃ ጥላ ወይም ወንበር ሲበላሽ ሰበቡ ፀሐይ ነው ይባላል። ፀሐዩ ያባብሰዋል፤ ዋናው ጉዳይ ግን በስንት ዓመቱ እንደተቆረጠና ከግንዱ የትኛው ክፍል እንደሆነ ነው።

ተጨማደደ፣ ጎኑ ሰረጎደ፣ ማሰሪያው ላላ

ለጋ ነበር። ቀርከሃ ሙሉ ቁመቱንና ውፍረቱን በበቀለበት ወቅት፣ በጥቂት ወራት ይጨርሳል፤ ከዚያ ወዲያ አይወፍርም። በኋላ የሚለወጠው ውስጡ ነው፦ ውሃው ይቀንሳል፣ ቃጫው ይጠነክራል። ስለዚህ የ1 ዓመቱንና የ4 ዓመቱን በውፍረት መለየት አይቻልም፤ ገዢ የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው።

ለጋው ደማቅ አረንጓዴ ነው፤ ከአንጓው ሥር ነጭ ብናኝ፣ ግርጌው ላይ ደግሞ የበቀለበት ሽፋን ይታይበታል። ከ3 እስከ 5 ዓመት የሞላው ሽፋኑን ጥሏል፣ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ሽበት የሚመስል ግራጫ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል። ይህን ምረጡ። ሽበት የወረሰው አርጅቷል፤ ይሰባበራል።

በቁመቱ ተሰነጠቀ

ቃጫው የሚሄደው በቁመት ስለሆነ አግድም አጥብቆ የሚይዘው አንጓው ብቻ ነው። ግርጌው ወፍራምና ውሃ ያዘለ በመሆኑ ከጫፉ ዘግይቶ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ሲጣል ውጩ ቀድሞ ይኮማተርና ይተረተራል። ግርጌና ጫፉን ለይታችሁ፣ ከመሬት አንስታችሁ፣ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ አቁሙት። አንዱን ግንድ በየሳምንቱ መዝኑ፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። ሚስማር አትምቱበት፤ አንጓው አጠገብ በትራፓኖ ብሱና በብሎን እሰሩ።

ቢጫ ዱቄት ያፈሳል

ነቀዝ ነው፤ የሚፈልገውም ግንዱ ውስጥ የተከማቸውን ምግብ፣ ስታርችን ነው። የቀርከሃ ቆዳ መድኃኒት አያስገባም፤ ላዩን መቀባት ከንቱ ድካም ነው። ገና እርጥብ ሳለ የአንጓዎቹን የውስጥ ክዳን በረጅም ብረት ብሱ። ነቀዝ የሚከላከሉትን ኬሚካሎች፣ 3 ኪሎ ቦራክስና 2 ኪሎ ቦሪክ አሲድ፣ በ100 ሊትር ውሃ አሟሙታችሁ ቢያንስ 1 ሳምንት ዘፍዝፉት። የምግብ ዕቃ ለሚሠራበት ግን ይህን አትጠቀሙ።

ምሰሶው ጎበጠ

ጫፉ ተተክሏል። የጫፉ ቃጫ የተጠጋጋ ቢሆንም ግድግዳው ስስ፣ ዙሪያውም ቀጭን ነው። ለምሰሶ ግርጌውን፣ ለፍልጥና ለሽመና አንጓው የተራራቀውን መሃሉን፣ ለአጥር ጫፉን አውሉ። ይህ ሁሉ ውስጡ ክፍት ለሆነው የደጋ ቀርከሃ ነው፤ የአሶሳው የቆላ ቀርከሃ ድፍን ስለሆነ ክዳን መብሳት አይሠራበትም፣ ሰንጥቃችሁ ዘፍዝፉት።