አንድ ማይል የውቅያኖስ ዳርቻን በአራቱም ወቅቶች መከታተል፦ በኦሪገን ጠረፍ ለሚሰማሩ በጎ ፈቃደኞች

የኦሪገን ክፍለ ግዛት በፓስፊክ ውቅያኖስ በኩል ወደ 360 ማይል፣ ማለትም ወደ 580 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጠረፍ አለው። ይህን ሁሉ ዓመቱን ሙሉ እየተመላለሰ የሚያይ የመንግሥት ሠራተኛ ማሰማራት የሚታሰብ አይደለም። በዚህም ምክንያት ኦሪገን ሾርስ የተባለው በ1971 የተመሠረተ የጥበቃ ማኅበር በ1993 ኮስትዋች የሚል መርሐ ግብር ጀምሮ ጠረፉን በማይል በማይል ከፋፈለና እያንዳንዱን ማይል ለበጎ ፈቃደኞች በአደራ መስጠት ያዘ። ከፈቃደኛው የሚጠበቀው ቢያንስ በየወቅቱ አንድ ጊዜ ማይሉን በእግሩ ተጉዞ ያየውን መዝግቦ መላክ ነው። የሳይንስ ትምህርት አይጠየቅም። ከፖርትላንድ ተነሥቶ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ጠረፉ ላይ መድረስ ስለሚቻል፣ በዚያች ከተማና በዙሪያዋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሥራው ከአቅም በላይ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሥራው ዋጋ ያለው በድግግሞሹ ነው። በጤና ጣቢያ የሕፃን ክብደት ካርድ ላይ አንዷ ነጥብ ብቻዋን ብዙ እንደማትናገርና ነገሩ የሚታወቀው ነጥቦቹ ሲያያዙ እንደሆነ ሁሉ፣ የባሕር ዳርቻም በአንድ ቀን ጉብኝት አይታወቅም። በጃንዋሪ መጥቶ አሸዋው ተጠርጎ ድንጋዩ አፍጥጦ ያየ ሰው ዳርቻው ጠፋ ብሎ ሊደነግጥ ይችላል፤ በኦገስት የመጣው ደግሞ ሰፊውን ለስላሳ አሸዋ አይቶ ሁሉ ነገር ደኅና ነው ብሎ ይመለሳል። ሁለቱም የተሳሳቱት ያዩት ሐሰት ስለሆነ ሳይሆን የሚያነጻጽሩበት ስላልነበራቸው ነው። ስለዚህ ምንም የተለየ ነገር ያልታየበት ጉብኝት እንደ ከንቱ ድካም መቆጠር የለበትም። «የሞተ ወፍ አልታየም» የሚለው መስመር ወፎች በብዛት በሚሞቱበት ዓመት እጅግ ተፈላጊ መረጃ ይሆናል።

ማይሉን ሲመርጡ ከውበቱ ይልቅ መንገዱን ያስቡ። ከፖርትላንድ ወደ ጠረፉ የሚወስዱት መንገዶች የጠረፉን ተራሮች አቋርጠው ስለሚያልፉ በብርዱ ወራት በረዶ ይይዛቸዋል፤ በጁላይ ብቻ የሚደርሱበት ማይል ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አንዱን ማይል ከአንድ በላይ ሰው ሊይዘው ስለሚፈቀድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰቦች ተባብረው ወቅቶቹን ቢከፋፈሉ ጥሩ ነው፤ የአመዘጋገባቸው ዘዴ ግን አንድ መሆን አለበት።

በአሸዋው ላይ የመሄድ መብትዎን በተመለከተ ሥጋት አይግባዎት። በ1913 በአገረ ገዥው ኦስዋልድ ዌስት ዘመን እርጥቡ አሸዋ የሕዝብ አውራ ጎዳና ተብሎ በሕግ ተደነገገ፤ በ1967 ደግሞ በአገረ ገዥው ቶም ማኮል ጊዜ የወጣው ሕግ ሕዝቡ ደረቁን አሸዋ ዕፅዋት መብቀል እስከሚጀምሩበት መስመር ድረስ የመጠቀም መብቱን አጸናለት። ከዕፅዋቱ መስመር ወዲያ ያለው ግን የግል ይዞታ ሊሆን ስለሚችል ወደዚያ አይለፉ።

ከባሕር ርቆ ላደገ ሰው በመጀመሪያ ሊለምደው የሚገባው ነገር የባሕሩ ሙላትና ሽሽት ነው። በኦሪገን ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይሸሻል፤ ሁለቱ ሽሽቶች እኩል አይደሉም፣ ሰዓታቸውም በየቀኑ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። በሙቀቱ ወራት ጥልቁ ሽሽት የሚውለው በማለዳ ሲሆን በብርዱ ወራት ወደ አመሻሹ ይሄዳል። ከቤት ሳይወጡ በፊት የዕለቱን የሙላትና የሽሽት ሰንጠረዥ ይመልከቱ፤ ጉዞዎንም ሽሽቱ ከፍጻሜው ከመድረሱ አንድ ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብለው ይጀምሩ። ይህን ካደረጉ ወደ ባሕሩ የገቡትን ገደሎች አልፈው ሲመለሱ ውኃው መንገድ አይዘጋብዎትም። በመዝገቡ ላይም ከሰዓቱ ጎን ሽሽቱ የደረሰበትን ደረጃ ይጻፉ፤ ያለዚያ የአሸዋው ስፋት ስንት እንደሆነ ቢጽፉ ትርጉም አይኖረውም።

ስለ ጥንቃቄ ሦስት ነገሮችን አጥብቄ እናገራለሁ። የመጀመሪያው ለባሕሩ ጀርባ አለመስጠት ነው፤ ለብዙ ደቂቃ ጸጥ ብሎ የቆየ ባሕር ድንገት ከሌሎቹ እጅግ ርቆ የሚወጣ ሞገድ ይልካል። ሁለተኛው በውኃው ዳር በተጋደሙ ግንዶች ላይ አለመውጣትና አለመቀመጥ ነው፤ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ውኃ ትልቅ ግንድ አንሥቶ ያንከባልላል፣ ከሥሩ የተገኘም ሰው ሊሞት ይችላል። ሦስተኛው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ከዚህ ጠረፍ ባሻገር ከባሕሩ ወለል በታች ያለው ስንጥቅ በጃንዋሪ 26 ቀን 1700 መጠኑ 9 ገደማ የሆነ ነውጥ አስነሥቶ ሱናሚው ጃፓን ድረስ ደርሷል። መሬቱ በኃይል ከተናወጠ የማስጠንቀቂያ ደወል ሳይጠብቁ ወደ ከፍታ ቦታ ይውጡ፤ መውጫውን የሚያሳዩት ሰማያዊ ምልክቶች የት እንዳሉም በመጀመሪያው ጉብኝትዎ ይወቁ።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ወይም አራት ቋሚ የፎቶግራፍ ቦታዎችን ይምረጡ። የተመረጠው ቦታ በማዕበል የማይነቀል መሆን አለበት፦ የመውረጃ ደረጃ ራስ፣ ትልቅ ቋጥኝ፣ የመኪና ማቆሚያ አጥር። ስልክዎ የሚሰጠውን የቦታ መለኪያ ይመዝግቡ፤ ከዚያ ወዲያ በየጉብኝቱ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ከፍታ፣ ወደዚያው አቅጣጫ ያንሡ፤ በምስሉ ውስጥም የማይንቀሳቀስ ነገር ይግባ። ለአሸዋው ከፍታ ከሁሉ የሚቀለው መለኪያ ወደ ዳርቻው የሚያወርደው ደረጃ ነው። ስንት እርከን ከአሸዋ በላይ እንደሚታይ ቆጥሮ መጻፍ ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ ከዓመት ዓመት የሚያሳየው ልዩነት ግን ብዙዎች በግምት ከሚጽፉት ገለጻ ይልቅ የታመነ ነው።

ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ጊዜ ከስድስት ሜትር በላይ የሚነሡ የማዕበል ሞገዶች አሸዋውን ጠርገው ከዳርቻው ወጣ ብሎ በውኃ ውስጥ ወደሚገኝ የአሸዋ ክምር ይወስዱታል። ዳርቻው ይጠብባል፤ ከሥሩ ተቀብሮ የኖረው ሁሉ ይገለጣል። ኔስኮዊን በተባለው የጠረፉ መንደር ከአሸዋው ውስጥ ብቅ የሚሉት ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ዕድሜ ያላቸው የጥንት ዛፎች ጉቶዎች በደንብ የሚታዩት በእነዚህ ወራት ነው። ሞገዱ በዚህ ወቅት በአብዛኛው ከደቡብ ምዕራብ ስለሚመጣ አሸዋውን ወደ ሰሜን ይገፋዋል፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ለስላሳ ሞገድ ወደ ደቡብና ወደ ዳርቻው ይመልሰዋል። የፓስፊክ ውኃ ከልማዱ ይልቅ በሚሞቅባቸው የኤል ኒኞ ዓመታት ግን ሚዛኑ ይዛባል፤ በ1997 እና በ1998 መካከል በነበሩት የብርድ ወራት የኬፕ ሉክአውት መናፈሻ ክፉኛ የተሸረሸረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በብርዱ ወራት የሚመዘገበው ዋናው ነገር የሞገዱ የመጨረሻ ምልክት የት እንደደረሰ፣ የአሸዋው ጉብታ ግርጌ መቆረጥ አለመቆረጡና ገደሉ አዲስ ናዳ ማሳየት አለማሳየቱ ነው። በዓመቱ ከፍተኛው የባሕር ሙላት የሚውልባቸው ቀናትም በዚሁ ወቅት ስለሚገኙ፣ ከተቻለ አንዱን ጉብኝት ከእነርሱ ጋር ያገጣጥሙት፤ ይህን ሲያደርጉ ግን ከላይ፣ ከአስተማማኝ ቦታ ሆነው ፎቶ ያንሡ እንጂ ወደ አሸዋው አይውረዱ።

በማርችና በኤፕሪል ዳርቻው ሌላ መልክ ይይዛል። ነፋሱ ሲገፋቸው ቬሌላ የሚባሉ ሰማያዊ፣ ትንሽ ሸራ የመሰለ ክንፍ ያላቸው የባሕር ፍጥረታት በብዛት ተጥለው ዳርቻውን ያለብሱታል፤ ይህ በየጊዜው የሚሆን ነገር ስለሆነ አያስደነግጥም። ከማርች 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ስኖዊ ፕሎቨር የምትባለው ትንሽ ወፍ በደረቁ አሸዋ ላይ የምትጥልበት ጊዜ ነው። ወፏ ከ1993 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የምትጠበቅ ስትሆን እንቁላሏ ከአሸዋው ጋር ስለሚመሳሰል ሳያዩት ይረገጣል። ማይልዎ በተከለለው ክፍል ውስጥ ከወደቀ በእርጥቡ አሸዋ ላይ ብቻ ይሂዱ፤ ውሻም ይዘው አይምጡ። በዚሁ ሰሞን ሲል የሚባለው የባሕር እንስሳ ግልገል ብቻውን አሸዋ ላይ ተኝቶ ሊያገኙት ይችላሉ። እናቱ ምግብ ፍለጋ ትታው ሄዳ ሊሆን ስለሚችል፣ ከ45 ሜትር ያላነሰ ርቀት ጠብቀው ይመልከቱ፤ ማንሣትም ሆነ ውኃ ማፍሰስ ጉዳት ከመሆኑም በላይ በ1972ቱ የባሕር አጥቢዎች ጥበቃ ሕግ የተከለከለ ነው።

በሙቀቱ ወራት ሰዎች ይበዛሉ፣ ስለዚህ የሰው ቁጥር፣ የእሳት ፍም፣ የመኪና ጎማ ዱካና ቆሻሻ ይመዘገባሉ። በየጊዜው የሚታየው የሸርጣን ክምር ብዙ ሰው ያሳስባል። ቅርፊቱን ከፍተው ይመልከቱ፤ ውስጡ ባዶ ከሆነና ጠረን ከሌለው ሸርጣኑ ሲያድግ የጣለው አሮጌ ልብሱ ነው፣ የሞተ እንስሳ አይደለም።

ስለ ወፎች ጥቂት ሰፋ አድርጌ ልናገር። በኦገስትና በሴፕቴምበር ኮመን መር የሚባሉት የባሕር ወፎች ጫጩቶች በብዛት ሞተው ይገኛሉ፤ ይህ በተራ ዓመትም የሚያጋጥም ነው። በ2014 መጨረሻና በ2015 መጀመሪያ ግን ካሲንስ ኦክሌት የሚባሉት ትናንሽ ወፎች በዚህ ጠረፍ በሚያስደነግጥ ብዛት ሲጣሉ ሁኔታው ከልማድ ውጭ መሆኑ በቁጥር ሊታወቅ የቻለው፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በሚመራው የባሕር ወፎች ቆጠራ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት በየወሩ እየተመላለሱ ጥቂቱንም ምንም የሌለበትንም ቀን መዝግበው ስለነበር ነው። እነዚያ ፈቃደኞች የሞተውን ወፍ እግር፣ ክንፍና መንቁር ይለካሉ፤ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠርም ወፉ ላይ ባለ ቀለም ማሰሪያ ያደርጋሉ። ሥልጠናውን ያልወሰደ ሰው ግን ከ2022 ወዲህ የወፍ ጉንፋን በኦሪገን ወፎች ላይ ስለታየ የሞተ ወፍ በእጁ አይንካ፤ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጦ እግሩና መንቁሩ በግልጽ እንዲታዩ ፎቶ ማንሣት ይበቃል። ባለ ቀለም ማሰሪያ ያለው ወፍ ካገኙ አይፍቱት፣ ቀለሙን ብቻ ይጻፉ።

ባሕሩ የጣለው እንግዳ ነገር ሲያጋጥም አይጎትቱት፣ ወደ ውኃም አይመልሱት። በጁን 2012 ከኒውፖርት አጠገብ በሚገኘው አጌት ቢች ላይ ሃያ ሜትር የሚሆን የኮንክሪት መርከብ ማቆሚያ ተጥሎ ተገኘ። የመጣው ከጃፓኗ ሚሳዋ ወደብ ሲሆን በማርች 2011ዱ ሱናሚ ተነቅሎ ውቅያኖሱን ያቋረጠ ነበር፤ በላዩም በአሜሪካ ጠረፍ የማይገኙ ብዙ ሕያዋን ተጣብቀው ስለተገኙ በዚህ ጠረፍ እንዳይባዙ ተፍቀው ተወግደዋል። ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ቀንድ አውጣና አልጌ የለበሰ እንግዳ ዕቃ ካዩ ፎቶውንና ቦታውን ሳይዘገዩ ለክፍለ ግዛቱ የፓርኮች መሥሪያ ቤት ያሳውቁ። ዘይት፣ በርሜልና የታሰረ ወይም የቆሰለ እንስሳም የወቅቱን ሪፖርት አይጠብቁም።

በገደሉ ሥር አዲስ የድንጋይ ካብ ሲሠራ ካዩ ሁኔታው የሕግ ጥያቄ ይኖረዋል። በክፍለ ግዛቱ ደንብ መሠረት እንዲህ ያለ መከላከያ የሚፈቀደው በመርሕ ደረጃ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1977 ድረስ ግንባታ ለነበረበት ይዞታ ነው። የእርስዎ ድርሻ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የካቡን ርዝመትና የሚሠሩትን ማሽኖች መመዝገብ ብቻ ነው። ከባለቤቱ ጋር አይከራከሩ፣ ፈቃድ አሳየኝም አይበሉ። በጎ ፈቃደኛ ተቆጣጣሪ አይደለም፤ ጠብ ያስነሣ ሰው ሪፖርት ደግሞ በሚያነቡት ዘንድ ክብደት ያጣል።

ሪፖርቱን እዚያው ዳርቻ ላይ ወይም በዚያው ቀን ይጻፉ። ያዩትንና የገመቱትን ለይተው ያስቀምጡ፦ «አራት ወፎች ሞተው አየሁ» የሚለው ምልከታ ነው፣ «ዘይት ገድሏቸዋል» የሚለው ግምት ነው፣ ሁለተኛውም ካስፈለገ ግምት ተብሎ በተለየ ቦታ ይገባል። «ብዙ» እና «ጥቂት» ከማለት ቁጥር ይጻፉ፤ መቁጠር ካልተቻለ አንድ መቶ እርምጃ ወስደው በዚያ ውስጥ ያለውን ቆጥረው እንዲህ እንዳደረጉ ያስታውቁ። በሁለተኛው ዓመት ማነጻጸር ሲጀምሩ ጃንዋሪን ከጃንዋሪ ጋር፣ ኦገስትን ከኦገስት ጋር ያስተያዩ። ማይሉን ለሌላ ሰው የሚያስረክቡበት ጊዜ ሲመጣም ቋሚ የፎቶ ቦታዎቹን በእግር ወስደው ያሳዩት፣ ፎቶዎቹንም በቀን ቅደም ተከተል አዘጋጅተው ይስጡት፤ አዲሱ ሰው የራሱን ቦታዎች ከመረጠ የእርስዎ ዓመታት ከእርሱ ዓመታት ጋር አይገናኙም።