የማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚዎችን ከዳታቤዝ ጋር ሲያዛምዱ ኩዌሪን እንዴት ማፍጠን ይቻላል?

አንድ ሰው በፌስቡክ አካውንቱ ወደ መተግበሪያዎ ሲገባ፣ ከጓደኞቹ መካከል እነማን አስቀድመው እንደተመዘገቡ ማሳየት ቀላል ሥራ ይመስላል። ግራፍ ኤፒአይ (ፌስቡክ መረጃውን ለሌሎች መተግበሪያዎች የሚያቀብልበት መንገድ) ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚመልሰው ያንኑ መተግበሪያ የሚጠቀሙ ጓደኞችን ብቻ ስለሆነ ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ገጹ ግን ይንቀራፈፋል። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው በራሳችን ሰርቨር ላይ ነው።

በመጀመሪያ፣ ገጹ አንድ ጊዜ ሲከፈት ስንት ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) እንደሚላክ ይቁጠሩ። የተለመደው ስህተት ከኤፒአዩ የመጡትን መለያ ቁጥሮች በሉፕ እየዞሩ ለእያንዳንዱ ጓደኛ አንድ ኩዌሪ መላክ ነው። 200 ጓደኞች ቢኖሩና ወደ ዳታቤዙ ደርሶ መመለስ 3 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ 600 ሚሊሰከንድ በምልልስ ብቻ ያልቃል። ስለዚህ ቁጥሮቹን ሰብስበው በ«ኢን» ትእዛዝ አንድ ጊዜ ይጠይቁ፤ ማዛመዱን በኮዱ ውስጥ ይጨርሱ።

ቀጥሎ የሚዲያውን ስምና መለያ ቁጥሩን አንድ ላይ የያዘ ዩኒክ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፈጥንና ተመሳሳይ መረጃ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ የሚከለክል ማውጫ) ይፍጠሩ፤ አለበለዚያ የቴሌግራምና የፌስቡክ ቁጥሮች ሊምታቱ ይችላሉ። በዩዘርኔም ማዛመድ አይመከርም፤ ባለቤቱ ባሻው ጊዜ ይቀይረዋልና።

ኢንዴክስ መኖሩ ግን ብቻውን በቂ አይደለም፤ እኔም ይህን የተማርኩት ግማሽ ቀን ካባከንኩ በኋላ ነው። በማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ መለያው በጽሑፍ ዓይነት ዓምድ ተቀምጦ ሳለ ኮዱ ያለ ጥቅስ ምልክት፣ እንደ ቁጥር አድርጎ ከጠየቀ፣ ዳታቤዙ ስህተት ሳያሳይ ኢንዴክሱን ትቶ ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ከዚህም የከፋው፣ ንጽጽሩ በግምታዊ የአስርዮሽ ስሌት ስለሚከናወን በጣም ረጃጅም ቁጥሮች ላይ የሌላ ሰው መለያ ሊመጣ መቻሉ ነው። ይህን ለማወቅ ከኩዌሪው ፊት «ኤክስፕሌይን» ብለው ያስኪዱት፤ «ታይፕ» በሚለው ዓምድ ሥር «ኦል» ካዩ ኢንዴክሱ ሥራ ላይ አልዋለም ማለት ነው።

አዲስ መረጃ ሲያስገቡም «አለ ወይስ የለም» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ትርፍ ምልልስ ነው። ሌላው ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ከ9.5 ስሪቱ ጀምሮ «ኦን ኮንፍሊክት» የተባለ ትእዛዝ ስላለው ማስገባቱንም ማደሱንም ባንድ ኩዌሪ ይፈጽማል። ትራንዛክሽኑን (በአንድነት የሚፈጸሙትን የዳታቤዝ ሥራዎች) የሚከፍቱት ግን የኤፒአዩ ምላሽ ተጠቃልሎ ከደረሰ በኋላ ይሁን፤ የፌስቡክ ሰርቨር በዘገየ ቁጥር የእርስዎ የዳታቤዝ ኮኔክሽን ያለ ሥራ ተይዞ መቆየት የለበትም።