ኮራሉ ሲኮማተር ምን እናድርግ? በትንሽ በጀት የሚያዝ የጨው ውሃ አኳሪየም ችግሮችና መፍትሄያቸው

የጨው ውሃ አኳሪየም ውድ ነው ይባላል። እውነት አለው። ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው ገንዳውን ሲገዛ ሳይሆን ሲደነግጥ ነው። ጠዋት ተነስቶ ሲያይ ኮራሉ (ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚኖረው የባሕር እንስሳ) ተኮማትሯል። ሮጦ ሄዶ አንድ ጠርሙስ ማስተካከያ ይገዛል። እሱ ካልሰራ ሌላ ይጨምራል። ሶስተኛው ጠርሙስ ላይ ሲደርስ ችግሩ ከየት እንደጀመረ መለየት አይቻልም።

በጀት ለጠበበበት ሰው ትልቁ ቁጠባ ምክንያቱን ማወቅ ነው። መብራቱ ያገለገለ ይሁን፣ ድንጋዩ ደረቅ (ሕይወት ያለው ነገር የሌለበት) ይሁን፣ የገንዳው መስታወት የተጫጫረ ይሁን፤ ለኮራሉ ምንም ማለት አይደለም። ሶስት ነገር ላይ ግን አትሰስቱ፦ የጨው መለኪያ፣ የአልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) መለኪያና ንጹህ፣ ማለትም ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ። ከታች የጻፍኩት ሁሉ በእነዚህ ሶስቱ ላይ የቆመ ነው።

ምልክት፦ ኮራሎቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ተኮማትረዋል

አንዱ ብቻ ከተኮማተረ ችግሩ ከዚያ ኮራል ጋር ነው። ጎረቤቱ እየነካው ወይም ሸርጣን እየነካካው ይሆናል። ሁሉም ከተኮማተሩ ግን ችግሩ ውሃው ነው። መጀመሪያ ጨውን ለኩ። ውሃው ከንጹህ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት 1.025 ወይም 1.026 መሆን አለበት፤ በሌላ አለካክ በሺህ ግራም ውሃ 35 ግራም ጨው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የገዛሁት መለኪያ ርካሹ ነበር፤ ውስጡ የምትነሳ ቀስት ያለችው የፕላስቲክ ሳጥን። ለሳምንታት ጨዉ በዛ እያለች ስትነግረኝ እኔም ንጹህ ውሃ እየጨመርኩ አቀጥነው ነበር። ኮራሎቹ ግን ጭራሽ ተዘጉ። አንድ ቀን ሳጥኑን ወደ መስኮት አስጠግቼ ሳየው፣ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ አረፋዎች ከቀስቷ ጀርባ ተለጥፈዋል። ወደ ላይ ያነሷት እነሱ ነበሩ። በጣቴ መታ መታ ሳደርገው አረፋዎቹ ለቀቁ፣ ቀስቷም ወረደች። ትክክለኛው ጨው 1.019 ነበር። ሁለት ኮራል ሞቶብኛል፤ ዛሬም ሳስበው ያሳዝነኛል።

ይህን መለኪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ውሃውን ቀስ ብላችሁ ሙሉ። መታ መታ አድርጉና አረፋው እስኪለቅ ጠብቁ። ስትጨርሱ በንጹህ ውሃ እጠቡት፤ ቀስቷ ላይ ጨው ከደረቀ ደግሞ በተቃራኒው ያሳስታችኋል። አቅም ሲገኝ ሪፍራክቶሜትር (ጨውን በብርሃን መታጠፍ የሚለካ መሣሪያ) ግዙ። እሱንም ቢሆን በንጹህ ውሃ ዜሮ ላይ ብቻ አስተካክላችሁ አትመኑት፤ ዜሮ ላይ ልክ ሆኖ 35 ላይ ሊስት ይችላል። ማስተካከያውን ቤት ውስጥ መስራት ይቻላል። 36.5 ግራም ተራ የገበታ ጨው በ963.5 ግራም ንጹህ ውሃ አሟሙ። በሪፍራክቶሜትሩ ስታዩት 35 ማንበብ አለበት። ካላነበበ ቪቷን አዙሩ። ክዳን ባለው ጠርሙስ ካስቀመጣችሁት ለወራት ያገለግላል።

ጨዉ ዝቅ ካለ በአንድ ቀን አትመልሱት። የተነነውን በንጹህ ውሃ ከመተካት ይልቅ ለጥቂት ቀናት በጨው ውሃ ተኩት፤ ራሱ ቀስ እያለ ይወጣል። በቀን 0.001 በቂ ነው። ጨዉ ከፍ ብሎ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ትነት ነው። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨዉ እዚያው ይቀራል። ባለ 40 ሊትር ገንዳ 2 ሊትር ሲተንበት ጨዉ ከ35 ወደ 37 ገደማ ይደርሳል። ትንሽ ገንዳ ርካሽ ቢመስልም እንዲህ ቶሎ ይለዋወጣል። መስታወቱ ላይ የውሃው ልክ ጋ ፕላስተር ለጥፉ፤ በየቀኑ እስከዚያ ድረስ በንጹህ ውሃ ሙሉ።

ጨዉ ደህና ከሆነ ሙቀቱን እዩ። ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ጥሩ ነው። ማሞቂያዎች ሲበላሹ አንዳንዴ በርተው ይቀራሉ፣ ገንዳውንም ይቀቅሉታል። ስለዚህ ከአንድ ትልቅ ማሞቂያ ሁለት ትንንሽ ይሻላል፤ አንዱ በርቶ ቢቀር ብቻውን ያን ያህል አያሞቅም። ሙቀት ከበዛ ክዳኑን አንስታችሁ ተራ ቬንትሌተር በውሃው ላይ አንፍሱበት። በትነቱ ይቀዘቅዛል፤ የምትጨምሩት ውሃ ግን እንደሚበዛ አትርሱ።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ምን ገባበት በሉ። ሳሙና ወይም ቅባት የነካው እጅ፣ ክፍሉ ውስጥ የተነፋ የነፍሳት ማጥፊያ፣ መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት። መዳብ ዓሣን ከነጭ ነጠብጣብ በሽታ ያድናል፤ ኮራልንና ቀንድ አውጣን ግን ይገድላል። ዓሣ ማከም ካለባችሁ በሌላ ባልዲ ወይም ገንዳ ይሁን። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲኖር ውሃ ቀይሩና የማጣሪያ ከሰል አስገቡ።

ምልክት፦ አሸዋውና ድንጋዩ ቀለም ለበሰ

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። አራት የተለያዩ ነገሮችን ሁሉ ሰው “አልጌ” ብሎ አንድ መድኃኒት ይሰጣቸዋል።

ቡናማ አቧራ የመሰለ፣ በጣት ስትነኩት ብን የሚል ከሆነና ገንዳው ገና ሳምንታት ብቻ ከሆነው ዳያቶም ነው። በውሃውና በአሸዋው ያለውን ሲሊካ እየበላ ያድጋል፤ ሲያልቅበት ይጠፋል። ምንም አትግዙ። ጠብቁ።

እንደ ፀጉር የረዘመ አረንጓዴ ከሆነ ፎስፌትና ናይትሬት (አልጌ የሚመገባቸው ንጥረ ነገሮች) በዝተዋል። ፎስፌቱ ከሶስት ቦታ ይመጣል፦ ከቧንቧ ውሃ፣ ከምግብና ከደረቅ ድንጋይ። ቧንቧ ውሃ ለኮራል ገንዳ አይሆንም፤ በአርኦ ዲአይ (የሟሟውን ነገር ሁሉ የሚያስቀር ማጣሪያ) የተጣራ ወይም የተነጠረ ውሃ ተጠቀሙ። የቲዲኤስ መለኪያ (ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር የምትለካው) ርካሽ ናት፤ ዜሮ ማንበብ አለባት። የበረዶ ምግብ ከሆነ አቅልጣችሁ፣ በወንፊት አጥባችሁ ስጡ። አልጌውን በእጅ ንቀሉት። ድንጋዩ የሚነሳ ከሆነ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ውስጥ በጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። ከገንዳው ኋላ በሚገኝ ሳጥን ኬቶ የሚባለውን አልጌ በተራ የተክል መብራት ማሳደግም ይቻላል። ያልተፈለገው አልጌ የሚበላውን እሱ ይበላበታል፤ ሲበዛ ቆርጣችሁ ስትጥሉት ፎስፌቱም አብሮ ይወጣል።

ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ እንደ ቆዳ ተገልጦ የሚነሳ ከሆነ ሳያኖባክቴሪያ ነው። ውሃው በማይንቀሳቀስበት ጥግ ይወዳል። በቀጭን ቱቦ መጥጣችሁ አውጡት፣ ከዚያ የፓምፑን አፍ ወደዚያ አዙሩ። የሚገድል ዱቄት ይሸጣል፤ ይሰራልም። ግን ምክንያቱ ስላልተነካ ይመለሳል፣ የሞተው ሲበሰብስም ኦክስጅን ይጨርሳል። እኔ የመጨረሻ አማራጭ ነው የምለው።

አራተኛው ቡናማ፣ ዝልግልግ፣ በክር የሚንጠለጠልና ጫፉ ላይ አረፋ የያዘ ነው። ዳይኖፍላጀሌት፣ ባጭሩ ዳይኖ፣ ይባላል። ቀንድ አውጣዎች እየሞቱ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ አንዳንዱ ዓይነት መርዛማ ነውና። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ሲሆኑ ነው። ስለዚህ ለአረንጓዴው የሰራው ሁሉ ለዚህ ተቃራኒ ነው። ውሃ በቀየራችሁና ፎስፌት በቀነሳችሁ ቁጥር ይብስበታል።

ለመለየት ማይክሮስኮፕ ከሌላችሁ ይህን ሞክሩ። ትንሽ ዝልግልጉን ከገንዳው ውሃ ጋር በጠርሙስ አድርጋችሁ ደህና አድርጋችሁ ናጡት። በቡና ማጣሪያ ወረቀት ወደ ንጹህ ብርጭቆ አጥልሉት። የወጣው ውሃ ጥርት ያለ ይመስላል። መብራት ስር አንድ ሰዓት ያህል አስቀምጡት። ተመልሶ ቡናማ ክር ከሰራ ዳይኖ ነው። መጀመሪያ ሳየው ማመን አቅቶኝ ነበር፤ ከምንም ተነስቶ ሲተሳሰር በዓይን ይታያል።

ዳይኖ ከሆነ ምግብ ጨምሩ፣ የፎስፌት ማጣሪያ አውጡ፣ ውሃ መቀየሩን ለጊዜው ተዉት። ናይትሬት ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር እስኪደርስ ጠብቁ። ዝልግልጉን መጥጣችሁ በጨርቅ አጣሩና ውሃውን መልሱት። ሳምንታት ይፈጃል። ወጪ ግን የለውም።

ምልክት፦ ጠንካራው ኮራል ማደግ አቆመ ወይም ሥጋው ከሥሩ እየለቀቀ ነው

አልካሊኒቲ ለኩ። ከ7 እስከ 11 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መስፈሪያ) ውስጥ የትም ቢሆን ይኖራሉ፤ የሚጎዳቸው መዋዠቁ ነው። ኮራል አጥንቱን ሲሰራ አልካሊኒቲና ካልሲየም ከውሃው ይወስዳል። ሳትተኩለት ይወርዳል።

ለሶስት ቀን ምንም ሳትጨምሩ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ። ሰኞ 8.6 ሆኖ ሐሙስ 7.4 ከሆነ በቀን 0.4 ይበላል ማለት ነው። ለዚህ ንጹህ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ እሱ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል። 3 ግራም ሶዳ በ100 ሊትር ውስጥ 1 ዲኬኤች ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ገንዳው 100 ሊትር ከሆነ በቀን 1.2 ግራም፣ በንጹህ ውሃ ተሟሙቶ ፓምፑ አጠገብ ቀስ ተብሎ ይፈስሳል። ድንጋይና አሸዋ የያዘውን ቦታ ቀንሳችሁ አስሉ። በቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ አታንሱ።

ካልሲየምም ለኩ፤ ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም በሊትር ይሁን። ማግኒዝየም ከ1250 በታች ከሆነ ሁለቱን ማረጋጋት ያስቸግራል፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ለስላሳ ኮራል ብቻ ያለው ሰው ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። በሳምንት 10 በመቶ ውሃ መቀየር ይበቃዋል። በትንሽ በጀት ለሚጀምር የእኔ ምክርም ይኸው ነው፦ በእንጉዳይ ኮራልና በዞአንቲድ (ትንንሽ አበባ የሚመስል ኮራል) ጀምሩ።

ስለ ዞአንቲድ ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። አንዳንዶቹ፣ በተለይ ፓሊቶአ የሚባሉት፣ ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ ከባድ መርዝ አላቸው። ስትቆርጡ ጓንትና መነጽር አድርጉ። የወረሩትን ድንጋይ ለማጽዳት ብላችሁ በፍጹም አትቀቅሉ። እንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል።

ምልክት፦ ኮራሉ ነጣ ወይም ቡናማ ሆነ

ሲነጣ በሥጋው ውስጥ የሚኖሩትን አልጌዎች አጥቷል። ምክንያቱ ሙቀት ወይም ድንገተኛ ብርቱ ብርሃን ነው፤ አዲስ ኤልኢዲ በተሰቀለ ሳምንት ብዙ ጊዜ ይታያል። ኮራሉን ወደ ታች አውርዱ፣ መብራቱን ቀንሱና በሁለት ሶስት ሳምንት ቀስ እያላችሁ መልሱ። ቡናማ ከሆነ ደግሞ ብርሃን አንሶታል ወይም ናይትሬት በዝቷል። ይህ በሽታ አይደለም፣ አትቸኩሉ።

ምልክት፦ ዓሣዎቹ ውሃው አናት ላይ አፋቸውን ይከፍታሉ

አዲስ ገንዳ ከሆነ አሞኒያ (ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣ መርዝ) ለኩ። ከዜሮ በላይ ከሆነ እሱን የሚበላው ባክቴሪያ ገና አልዳበረም፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። ዛሬውኑ ውሃ ቀይሩ፣ ምግብ ቀንሱ፣ ሌላ ዓሣ አትጨምሩ።

የቆየ ገንዳ ከሆነ ኦክስጅን ነው። ፓምፑን ወደ ላይ አዙሩት፣ የውሃው ፊት ይናወጥ። መብራት በሚጠፋበት ሰዓትም የሚቀድመው አደጋ ይኸው ነው፤ ከሙቀቱ በፊት ኦክስጅኑ ያልቃል። በባትሪ የሚሰራ የአየር ፓምፕ ይግዛ የምለው ለዚህ ነው። እሱም ከሌለ በጆግ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ። በየጥቂት ደቂቃው ደጋግሙት፣ ገንዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ መብራት እስኪመጣ ድረስም ምግብ አትስጡ።