መብራቱ እየበራ ስክሪኑ የጠቆረው ኮሞዶር 64

ለገጣፎ ባለው ቤታችን ከአጎቴ የወረስኩት ኮሞዶር 64 ኮምፒውተር፣ ኤሌክትሪክ ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ቀይ መብራቱ ቢበራም ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። የዚህ ማሽን ያረጀ አዳፕተር ሲበላሽ ከ5 ቮልት በላይ ልኮ የሜሞሪ ቺፖችን ሊያቃጥል ስለሚችል ሳይለኩ መሰካት ፈጽሞ አይገባም፤ እኔም ከኮምፒውተሩ ነቅዬ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ስለካው፣ አዳፕተሩ የሚሰጣቸው 5 ቮልት ዲሲውም (ቀጥተኛው) 9 ቮልት ኤሲውም (ተለዋዋጩ) ደህና ነበሩ። ቀዩ መብራት የሚሠራው በ5 ቮልቱ ሲሆን፣ በቀደምቶቹ ቦርዶች ላይ ምስል የሚፈጥረው ቺፕ ግን የሚያስፈልገውን 12 ቮልትም የራሱን 5 ቮልትም የሚያገኘው ከ9 ቮልት ኤሲው ነው። ስለዚህ በዚያ መስመር ላይ ያለውን የቦርዱን ፊውዝ ፈተሽኩ፤ ተቃጥሏል። ፊውዙን ትቶ መስመሩን በሽቦ ማገናኘት አደገኛ በመሆኑ በተመሳሳይ የ1.5 አምፔር ፊውዝ ተካሁት፤ ሰማያዊው ስክሪንም 38911 ባይት ነፃ መሆኑን እያሳየ ተመለሰ።